ለእምቢታ የለበስኩት ነጠላ

እሑድ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ተነሣሁ። በሩን ስከፍተው ነፋሱ ገፍቶ ዘጋው፤ እኔም መልሼ ገፋሁት። ንፋስ መውጫ ላይ የሚኖር ሰው ቀኑን የሚጀምረው በዚህ ትግል ነው። ሌሊት የቧንቧው ውሃ መጥቶ ስለነበር የሞሉትን ጀሪካኖች ወደ ማድ ቤት አስገባሁ። ሻይ ጣድኩ። ግቢውን ጠረግኩ፤ የጠረግኩትን ነፋሱ መልሶ ሲበትነው አየሁና መጥረጊያውን አስቀመጥኩ። ልጄ ጽዮን ተነሥታ ፀጉሯን ጎነጎነች። ዳቦ በሻይ በላን። ከዚያ እኔ የተማሪዎቼን ወረቀት ማረም ጀመርኩ፤ እሷ ዕቃውን አጠበች። ዕቃ ስታጥብ መዝፈን ልማዷ ነው፤ በዚያን ቀን አልዘፈነችም። እኔም ልብ አላልኩም፤ ሰው እያረመ ልብ የሚለው የሌላ ሰው ስሕተት ነው።

ጽዮን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ አላለፈችም። ከትምህርት ቤታችን ያላለፈው ብዙ ስለነበር እሷ ብቻዋን አላፈረችም። እኔ ግን ብቻዬን አፈርኩ፤ እዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የማስተምረው ስለ ዜግነት ነው። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ በፈተና ላይም አወጣዋለሁ፤ ያልመለሰውንም ነጥብ እቀንስበታለሁ። ጽዮን አንድ ቀን “ቴክኒክና ሙያ እገባለሁ፤ ብየዳ ነው የምማረው” ስትለኝ ግን ትክክለኛው መልስ ከራሴ ጠፋ። ብረት ስለሚሠራ ሰው በአገራችን ምን ሲባል እንደኖረ የሚያውቅ ያውቀዋል። አያቴ በቀጥቃጭ ደጅ ስናልፍ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም። የማላምነውን ነገር ሌላው ሰው ያምን ይሆን ብዬ ግን እፈራለሁ።

ለምን ብየዳ እንደመረጠች ጠየቅኳት። የሠራችው ነገር ቆሞ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ወረቀት ላይ የሠራችውን ሁሉ ማን እንዳረመው እንኳ ሳታውቅ ቀረ፤ የብረት በር ግን ከያዘ ያዘ፣ ካልያዘ ወደቀ፤ አየሽው ማለት ነው አለች። ክርክሩ ጥሩ ነበር። ተማሪዬ ብትሆን ሙሉ ነጥብ እሰጣት ነበር።

ስለዚህ የሙያው ነገር አለቀና ወደ ኮሌጁ ምርጫ ዞርን። እኔ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ኮሌጅ የሚመረጠው በጥናት ነው አልኩ። ጽዮን ከእሷ በፊት ከገቡ ልጆች ጠይቃ፣ መጠየቅ የሚገባውን ቀድማ አውቃው ነበር፤ ወርክሾፑ ውስጥ ተማሪው መበየጃውን በየተራው ያገኘዋል ወይስ ቆሞ ያያል፤ የብቃት ምዘናውን ወስዶ የሚያልፈው ይበዛል ወይ፤ ለልምምድ የሚቀበል ጋራዥ በአቅራቢያው አለ ወይ። እኔ ያጠናሁት የአየሩን ጠባይ ነው። ባሕር ዳር ቆላ ነው፣ ወባ አለው አልኩ። ጎንደር ሩቅ ነው አልኩ። ደሴን ካርታ ላይ አይቼ ካርታውን አጠፍኩት። ደብረ ታቦር፣ ጽዮን የመረጠችው፣ ብርድ ነው አልኩ። ይህን የተናገርኩት ንፋስ መውጫ ላይ ቆሜ፣ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው።

እዚሁ ከተማችን ያለው ኮሌጅ ለእኔ የሚወዳደረው አልነበረም። ከቤታችን በእግር ይደረሳል። ጽዮን ስትሄድ ግን የብረታ ብረት ክፍሉ ሞልቶ ነበር። በዚያን ቀን ልብስ ስፌት እንዴት ያለ ጥሩ ሙያ እንደሆነ በድንገት ታየኝ። ኮምፒዩተርም። ቧንቧም። ማታ ማታ ልጅን ወደ ቤት የሚመልስ ሙያ ሁሉ ጥሩ ሆኖ ታየኝ።

በዩኒቨርሲቲ አንድ መኝታ ክፍል የኖርነው ሀና ባሕር ዳር ትሠራለች። እሷ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ። የሚከራየው ቤት ጣሪያ ያፈስ እንደሆነ፣ አከራይዋ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች፣ በሩ ከውስጥ ይቀረቀር እንደሆነ ጠየቅኳት። በመጨረሻ ሀና ታከታትና፣ “አንቺ ልጅሽን ኮሌጅ ልታስገቢ ነው ወይስ ልትድሪ?” አለችኝ። ሥራ አለብኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አባቷ ይስማው ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎኛል፤ ይህን ያህል ሰው ጸልዮልኝ ካልጸናሁ ነውሩ የእኔ ነው። ስለዚህ ጸናሁ። ጽዮን ምዝገባው እያለፈ ነው ስትለኝ ደግሞ እናጣራ እላታለሁ። ስትደግመው እኔም እደግመዋለሁ። በመጨረሻ መጠየቁን ተወችው። ሐሳቧን የለወጠች መሰለኝ፤ ለዚህም ጥናቴን አመሰገንኩ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ፈንታ ሚስታቸውን ያጡ ሰው ናቸው። በዚያ ሳምንት አዲስ ጠባይ አመጡ። መተላለፊያው ላይ ሲያዩኝ ይቆማሉ። አንድ ነገር ሊናገሩ ይጀምሩና ይተዉታል። በመምህራን ስብሰባ ላይ በእጃቸው ወንበር አመጡልኝ። ዓርብ ዕለት ቢሯቸው ጠርተው ስለ ፈተና ወረቀት ሲያወሩ ቆዩና፣ “መምህርት፣ ሰው ብቻውን ሊሆን አይገባውም። ልጅም ብትሆን አንድ ቀን ትሄዳለች” አሉኝ። ጆሯቸው ቀላ። ከዚያ የራሳቸውን ቢሮ ለእኔ ትተው ወጡ።

ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። ሰውየው ምን እንደፈለጉ ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም ብዬ ወሰንኩ። እምቢ እንደምል አውቄዋለሁ። እምቢታዬን እንዴት ባለ አነጋገር እንደምናገረው ግን በልቤ አዘጋጀሁት፤ አንድ ሁለት ቃልም ለወጥኩ። ሰው የማይፈልገውን ነገር እንዲህ አሳምሮ ሲያሰናዳ ራሱን መጠርጠር ነበረበት።

እሑድ ጠዋት፣ እያረምኩ ሳለ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ የሲማዳ ሰው ናቸው፣ ድጓ የመሰከሩት፣ የዜማ ትምህርታቸውን ማለት ነው፣ እዚሁ ጋይንት በቤተ ልሔም ደብር ነው፣ አሁን በከተማችን ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሼ ጥላዬ፣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት በጡረታ የወጡ። ሦስተኛው ጋሼ መሕቡብ፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡት። እነዚህ ሦስት ሰዎች በየግላቸው ቢመጡ ጉዳይ ነው። እሑድ ጠዋት፣ በቁጥር ሦስት ሆነው፣ ዱላ ይዘው ከመጡ ሽማግሌ ናቸው።

ጽዮን በሩን ከፈተችላቸውና ፊቴን ሳታይ ጎረቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። መጀመሪያ ለእሷ የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ወዲያው ግን ጋሼ ጥላዬና አቶ ፈንታ አብረው እንደሚያመሹ ትዝ አለኝ። ለካ ለእኔ ነው።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው። ግቡ ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩና ነጠላዬን ለወጥኩ። ጥለቱ ሰማያዊ የሆነውን፣ ለክርስትና የማወጣውን ለበስኩ። ለእምቢታም ቢሆን ሰው ደህና ልብስ ለብሶ እምቢ ይበል ብዬ ነው። ፀጉሬንም ዳሰስ አደረግኩት።

ስመለስ ቆመዋል። እንደ ወጉ ተቀመጡ አልኳቸው፤ እንደ ወጉ እምቢ አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ጉዳዩ ካልሰመረለት አይቀመጥም። ቆሞ ይናገራል፤ እሺ ከተባለ ይቀመጣል፤ እምቢ ከተባለ እንደቆመ ወጥቶ ሌላ ቀን ይመለሳል። ጋሼ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላ ጊዜ “አንቺ፣ ጨው አላችሁ?” የሚሉኝ ሰውዬ፣ “እርስዎ ዘንድ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው” ብለው ጀመሩ። በዚህ እርግጠኛ ሆንኩ። ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ሳይዋረዱ ልቅደማቸው ብዬ አዘንኩላቸው።

“ጋሼ ጥላዬ፣ አይድከሙ” አልኩ። “የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ። አቶ ፈንታ ጥሩ ሰው ናቸው፤ የሚነቀፍ ነገር የለባቸውም። እኔ ግን ባል አላገባም።”

ሦስቱም ዝም አሉ። ዝምታቸውን ለሐዘኔ የተሰጠ አክብሮት አድርጌ ወሰድኩት። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አስተማሪ ግን ክፍሉ ጸጥ ሲል ይቀጥላል።

“ለሰው ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ይስማውን ከቀበርኩ ወዲህ እዚያ ጥግ ባለው ወንበሩ ላይ ሰው አላስቀመጥኩም። እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት እዋሳለሁ። ወደዚህ ቤት የሚገባ ሰው የለም። ከዚህ ቤትም የሚወጣ የለም። እኔና ልጄ እንዲሁ እንኖራለን።”

ጋሼ መሕቡብ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መሪጌታ ቀስ ብለው ተናገሩ።

“ልጄ፣ እኛ የመጣነው ሊገባ ስላለ ሰው አይደለም። ልትወጣ ስላለች ልጅ ነው።”

መጀመሪያ አልገባኝም። የላከቻችሁ ማን ናት አልኩ። ጽዮን ናት አሉ። ልጅ በእናቷ ላይ ሽማግሌ ላከች፤ ለባል አይደለም፤ ደብረ ታቦር ሄዳ ብየዳ እንድትማር ይፈቀድላት ብላ። በየቤታቸው ዞራ፣ በየተራ ጉልበታቸውን ስማ ለምናቸዋለች። የጋሼ መሕቡብን ትከሻ አየሁት፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳል ነው እንዳልል ሳል ድምፅ አለው።

“ታዲያ አቶ ፈንታ...?” አልኩ።

“ፈንታማ መጀመሪያ የተለመነው እሱ ነበር” አሉ ጋሼ ጥላዬ፤ እርስዎነቱ በዚህ ቀረ። “ሳምንቱን ሙሉ ሊነግርሽ ሞክሮ አንቺን ሲያይ ምላሱ እየታሰረ ተመለሰ። እናንተ ሂዱ፣ እኔ እሷን አልችላትም ብሎ ነው ልጅቷን ወደ እኛ የላካት።”

ነጠላዬን አየሁት። ሰማያዊው ጥለት በደንብ ይታይ ነበር። መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ብፈልግ አይገርምም፤ ግን እሷም ነጠላዬን አይታ የምትስቅ መሰለኝ።

የሐፍረት ጥቅሙ ሰውን ቁጡ ማድረጉ ነው። የደብረ ታቦርን ነገር አጥንቻለሁ አልኩ። ብርድ ነው አልኩ። በዚያች ደቂቃ ነፋሱ በሩን በርግዶ የተማሪዎቼን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አነሣው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ለቀሙልኝ።

ለማሰብ ቀጠሮ ስጡኝ አልኩ፤ የሙሽራ ወገን ቀጠሮ መጠየቁ ወግ ነው። ምዝገባው ረቡዕ ያልቃል አሉ ጋሼ ጥላዬ። “ጥሎሽ የለበት፣ ድንኳን የለበት። እንዲህ ያለ ርካሽ ሰርግ ከየት ታገኛለሽ?” የት ታድራለች አልኩ። ጋሼ መሕቡብ ከመስኮቱ ተመለሱ። እኅታቸው አሲያ እዚያው ደብረ ታቦር ናት፤ ከግቢዋ አንድ ክፍል ባዶ ነው፤ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ይህን መጠየቄን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ልጄ ጾመኛ ናት፣ ቤቱ የእስላም ነው፣ እንዴት ይሆናል ስል፣ “ሥጋው በየራሳችን፣ ሽሮው በጋራ” አሉኝ። “እኔና ይስማው ስንት ዓመት የኖርነው እንዴት ነው?”

ስሙን ከእኔ ሌላ ሰው ሲጠራው ከሰማሁ ቆይቶ ነበር።

መሪጌታ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቆመው ዱላቸው ላይ ተደግፈዋል፤ አንዱን እግር አሳርፈው ሌላውን ይረግጣሉ። ያን ጥግ ያለውን ወንበር አላዩትም፤ ላለማየት እንደሚጠነቀቁ ግን ያስታውቃል። ድጓ የሚመሰከረው ቤተ ልሔም ነው አሉኝ፤ ለጎንደሩም፣ ለሸዋውም፣ ለሩቅ አገሩም። ከመላው አገር ተማሪ ሲመጣ አይተዋል፤ ብርዱን አስቀድሞ ጠይቆ የመጣ ግን አላዩም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እኔ ከእናቴ ቤት የወጣሁት ጠፍቼ ነው። ብነግራት አትለቀኝም ብዬ። እሷም ሞተ ብላ አለቀሰች፤ ስመለስ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ያቺ ልጅ ግን አልጠፋችብሽም። ሽማግሌ ላከችብሽ።”

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። “መንገዱስ?” አልኩ። መንገዱ እንደ አገሩ ሁኔታ ይዘጋል፣ ይከፈታል። በዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። ጋሼ ጥላዬም ቀልድ አላገኙም።

“ሲዘጋ አሲያ ዘንድ ትቆያለች” አሉ ጋሼ መሕቡብ። “ሲከፈት ትመጣለች። ከዚህ በላይ ብልሽ ውሸት ነው።”

ውሸት ቢነግሩኝ ኖሮ እምቢ ለማለት ይቀለኝ ነበር። በቤቱ የምንቀመጥበት ሁለት ወንበር ብቻ ነበር፤ አንዱ እኔ የማርምበት፣ ሁለተኛው ጽዮን የምታጠናበት። ሁለቱን አቀረብኩ። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄጄ ሦስተኛውን ጎተትኩት። አቧራ አልነበረውም፤ በየቀኑ እወለውለዋለሁ። መሪጌታ ፊት አስቀመጥኩት።

“ተቀመጡ” አልኩ።

ተቀመጡ። መሪጌታ መጨረሻ ላይ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብለው። ጽዮን ጎረቤት እንዳልሄደች የታወቀው ያኔ ነው፤ የግቢው በር ጋ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ገብታ የሦስቱንም ጉልበት በየተራ ሳመች። የእኔን ስትስም ትንሽ ቆየች። መሪጌታ ሙሽራ እንደሚመረቅ መረቋት፤ ልጅ ውለጂ የሚለው ላይ ሲደርሱ አቆሙና፣ እጅሽን ይባርከው ብለው ጨረሱ። ከዚያ ሁላችንም ዳቦ በላን። ነጠላዬን ለመለወጥ አልተነሣሁም፤ የሚደበቅ ነገር አልቀረም ነበር።

ማክሰኞ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋት። በሶ፣ ቆሎ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ጋቢ፣ የሹራብ ዘር ሁሉ አሰርኩላት። የሚኒባሱ ረዳት ጓዙን ጣሪያ ላይ ሲያወጣ፣ የምትሄደው ልጅቷ ናት ወይስ ሱቁ ብሎ ጠየቀኝ። ጽዮን ሳቀች። ልመክራት ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣኝ “ዓይንሽን ከብልጭታው ጠብቂ” የሚለው ብቻ ነው። ስለ ብየዳ ካወቅኩት ነገር ሁሉ ቁም ነገር ያለው እሱ ነበር። ሚኒባሱ ወደ ጋሳይ መንገድ ታጠፈ፤ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደረስኩ።

አቶ ፈንታ ከዚያ ወዲህ መተላለፊያው ላይ ሲያዩኝ ወደ ቅርብ ክፍል ይገባሉ። አንድ ቀን የገቡት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነበር፤ እስካልፍ ድረስ እዚያው ቆዩ። እምቢታዬን ማን እንደነገራቸው አልጠይቅም። ጋሼ ጥላዬ ምሥጢር ይጠብቃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን በከተማው ያልተጠየቀችውን ጋብቻ እምቢ ያለች ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ገበያ ላይ ሴቶቹ አክብረው ሰላም ይሉኛል፤ ካለፍኩ በኋላ ትንሽ ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያ ሳቅ። አልቀየማቸውም። ሌላ ሴት ብትሆን እኔም እስቅ ነበር።

ጽዮን ትደውላለች። መጀመሪያ የበየደችውን ብረት አስተማሪዋ በመዶሻ ሲመታው ለሁለት ተከፈለ። ደግማ በየደችው፤ ደግሞ ተከፈለ። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ደስ ያለው ነበር። አሲያ ሽሮ ላይ ሚጥሚጣ ታበዛለች። ብርዱን ጠየቅኳት፤ እኛ ቤት ይብሳል አለች። መንገዱ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ለበዓል ሳትመጣ ቀረች፤ ተከፍቶ መጣች፤ ተመልሳ ሄደች።

ዛሬም እሑድ ነው። ወረቀቱን አርሜ ጨረስኩ። እቤት ጽዮን የለችም። ይስማውም የለም፤ ወንበሩን ግን ወደ ጥጉ አልመለስኩትም።